ልጅ ይዞ መብረር፦ እቅፍ ይበቃል ወይ?

(ለወላጆች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ! ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ቢያለቅሱ አትሳቀቁ፣ ቢሮጡም ችግር የለም። የዛሬው ጉዳይ የእነሱ ነው።

አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ያለውን ቁጥጥር አስታውሱ። የበረራ አስተናጋጆቹ በመተላለፊያው እየሄዱ ረድፍ በረድፍ ያያሉ። የምግብ ጠረጴዛው ይታጠፋል። የወንበሩ መደገፊያ ቀና ይላል። ቦርሳችሁ ከፊት ባለው ወንበር ስር ይገባል። ጭናችሁ ላይ ላፕቶፕ ካለ «እባክዎ ያስቀምጡት» ትባላላችሁ። ከኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ የቡናው ጀበና ሳይቀር ቦታው ገብቶ ይቆለፍበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አውሮፕላኑ ድንገት ቢቆም ያልታሰረ ነገር ሁሉ ይወረወራል። ይሄ ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ግን ያልታሰረ አንድ ነገር ይቀራል። የ14 ወር ልጃችሁ! ጭናችሁ ላይ ተቀምጦ የፊተኛውን ወንበር በእግሩ እየደበደበ ነው።

ደግሞ ሕጋዊ ነው። በአብዛኛው ዓለም 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወላጁ ጭን ላይ መብረር ይችላል። 2 ዓመት ሲሞላው የራሱ ወንበር ግዴታ ይሆናል። ሰው ይሄን ሲሰማ «ከተፈቀደማ አደጋ የለውም ማለት ነው» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ጭን ላይ መያዝን የፈቀደው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ራሱ ለወላጆች የሚመክረው ልጁን በራሱ ወንበር፣ በራሱ ማሰሪያ እንዲያስሩት ነው። ጭን አስተማማኝ ቦታ አይደለም ብሎ በግልጽ ይናገራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም አቋሙ ይኸው ነው። ልጁ 23 ወር ከ29 ቀን ሲሆነው እቅፍ ይበቃዋል፣ በማግስቱ ግን አይበቃውም የሚል ሐኪም አላውቅም። የልጁ አካል በአንድ ሌሊት አይቀየርም። የሚቀየረው የትኬቱ ዋጋ ነው።

«እኔ ልጄን አልለቅም» የሚል ወላጅ ሁሌም አለ። ስለ ፍቅሩ ጥርጥር የለኝም። ክንዱ ላይ ግን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ልጁ 10 ኪሎ ይመዝናል እንበል። አውሮፕላኑ በኃይል ሲቆም ወይም ሲወድቅ የሰውነት ክብደት በዚያች ቅጽበት ይበዛል። ኃይሉ ከመሬት ስበት አራት እጥፍ ቢሆን ያ ልጅ ክንዳችሁ ላይ 40 ኪሎ ይሆናል። በአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ አዲስ ለሚነደፉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚሠሩ ወንበሮች ወደ ፊት 16 እጥፍ ኃይል ችለው እንዲያልፉ ይፈተናሉ። ይህ ማለት አዋቂው ቀበቶውን አስሮ ሊተርፍበት የሚችል አደጋ አለ ማለት ነው። በዚያው አደጋ ውስጥ የእኛ 10 ኪሎ ልጅ 160 ኪሎ ይሆናል። 160 ኪሎ በእቅፉ ይዞ የሚቆይ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። (ሳቅ) አንድም የለም። በዚያ ላይ «አሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ» ብሎ የሚያስጠነቅቃችሁ የለም።

እርግጥ የአውሮፕላን አደጋ እጅግ ብርቅ ነው። ሰው እንዳይፈራ ብዬ አይደለም ይህን የምለው፣ እውነት ስለሆነ ነው። ከመከስከስ ይልቅ ሊገጥማችሁ የሚችለው የአየር መናወጥ ነው፤ በተለምዶ ተርቡለንስ የምንለው። ጥርት ባለ ሰማይ ላይ የሚመጣው ዓይነት በአብራሪው የአየር ሁኔታ ራዳር ላይ አይታይም። ሰው ቡናውን እየጠጣ አውሮፕላኑ በድንገት ወደ ታች ይወርዳል። ያልታሰረ ሰው ያን ጊዜ ጣሪያውን ይመታል። አዋቂዎች አጥንታቸው ተሰብሯል። እናት እንቅልፍ ወስዷት፣ ክንዷ ላልቶ፣ ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቶ ሳለ ይህ ቢሆንስ? በረጅም በረራ ላይ እንቅልፍ የማይወስደው ወላጅ ደግሞ የለም።

አሁን ስለ አንድ አደጋ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 232 አሜሪካ ውስጥ ከዴንቨር ወደ ቺካጎ እየሄደ ነበር። ጅራቱ ላይ ያለው ሞተር ፈንድቶ አውሮፕላኑን የሚያዙት የሃይድሮሊክ መስመሮች በሙሉ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። አብራሪዎቹ በቀሩት ሁለት ሞተሮች ጉልበት ብቻ እየመሩ ሱ ሲቲ ወደምትባለው ከተማ አደረሱት። ሲያርፍ ግን ተገለበጠና ተሰባበረ። ከ296 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። 184ቱ መትረፋቸው እስከ ዛሬ ሰውን ያስደንቃል።

በዚያ በረራ ላይ በወላጅ ጭን ላይ የነበሩ አራት ሕፃናት ነበሩ። የዋና አስተናጋጇ ስም ጃን ብራውን ነው። ለማረፍ ሲዘጋጁ በጊዜው የተማረችውን መመሪያ ተከትላ ወላጆቹ ሕፃናቱን ወለል ላይ አስተኝተው እንዲይዟቸው ነገረች። አዎ፣ ወለል ላይ! መመሪያው ያ ነበር። ከአራቱ አንዱ ሕፃን ሞተ። ጃን ብራውን ከዚያ ወዲያ ለዓመታት፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ሳይቀር እየቀረበች፣ ለሕፃናትም ወንበር ግዴታ ይሁን እያለች ተሟገተች። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም እ.ኤ.አ. በ1990 ይኸው እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ሻርሎት ከተማ አጠገብ በወደቀው የዩኤስኤር በረራ 1016 ላይ እናቷ ጭን ላይ የነበረች የ9 ወር ሕፃን ሞተች። እናትየው ልጇን ይዛ ማቆየት አልቻለችም። ራሷ ግን ተረፈች።

ታዲያ ሕጉ ለምን አልተቀየረም? መልሱ እኔን ራሴን ለረጅም ጊዜ አነጋግሮኛል። የአቪዬሽን አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ግዴታ አላደርግም ሲል ያቀረበው ምክንያት ይህ ነው። ወላጆች ለሕፃን ተጨማሪ ትኬት ግዙ ከተባሉ አንዳንዶቹ መብረሩን ትተው በመኪና ይሄዳሉ። መኪና ደግሞ ከአውሮፕላን በጣም ይበልጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ አየር ላይ ጥቂት ሕፃናትን ለማዳን ሲባል መንገድ ላይ ብዙ ሰው ይሞታል። ምክንያቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ጅል አይደለም። ለሕግ አውጪ ያስኬዳል። እኔ ወላጅ ስሆን ግን ጥያቄዬ ሌላ ነው። እኔ ቀድሞውኑ ለመብረር ወስኛለሁ። ትኬቴን ቆርጫለሁ። ለእኔ ያለው ምርጫ በመኪናና በአውሮፕላን መካከል አይደለም፣ በእቅፍና በወንበር መካከል ነው። እዚያ ላይ ወንበሩ ያሸንፋል። ገንዘቡ ከሌላችሁ ደግሞ «ለልጄ ወንበር ካልገዛሁ በመኪና እሄዳለሁ» አትበሉ። በእቅፍም ቢሆን ብረሩ። ሁለቱንም የምለው ከልቤ ነው።

ቅርብ ጊዜ የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2024 የአላስካ አየር መንገድ አውሮፕላን ከፖርትላንድ ተነስቶ 16 ሺህ ጫማ አካባቢ ሲደርስ፣ ግድግዳው ላይ በር የሚመስለው መዝጊያ ተገንጥሎ ሄደ። ሰው አልሞተም። ቀዳዳው አጠገብ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። በዚያ በረራ ላይ በጭን የተያዙ ሦስት ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ እንደገና ተነሳ። ሕጉ ግን ባለበት ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ወንበር ልትገዙለት ወስናችኋል። የመኪናውን ወንበር፣ ካር ሲቱን፣ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የትኛው ይሆናል?

መጀመሪያ የምታዩት የተለጠፈውን ጽሑፍ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ በቀይ ፊደል ለተሽከርካሪም ለአውሮፕላንም የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አለ። አስተናጋጇ መጥታ የምትፈልገው እሱን ነው። ከመጓዛችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ወንበሩ ከታሰረ በኋላ ጽሑፉ ግድግዳ ጋ ተሸፍኖ ይቀራልና እሱን ለማሳየት ብላችሁ ያሰራችሁትን እንዳትፈቱ። ለአውሮፓ ገበያ ከተሠሩት መካከል ደግሞ ቲዩቭ የሚባለው የጀርመን የደህንነት ፈታሽ ድርጅት ለአውሮፕላን ፈትሾ ምልክት የሰጣቸው አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የአውሮፕላን ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው። በትከሻ የሚያልፍ የለውም። የመኪናው አይሶፊክስ የሚባለው የብረት መንጠቆም አውሮፕላን ውስጥ የለም። ከላይ የሚታሰረው ማሰሪያም ቦታ የለውም። ስለዚህ ወንበራችሁ በአይሶፊክስ ብቻ የሚታሰር ከሆነ፣ ወይም የግድ በትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ የሚፈልግ ከሆነ፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢሆን አውሮፕላን ውስጥ አይሠራም። አሁን ገበያ ላይ ካሉት ዘመናዊዎቹ፣ በተለይ ወዲያ ወዲህ የሚዞሩት፣ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የመመሪያ መጽሐፉን ክፈቱ። «በወገብ ቀበቶ ብቻ ይታሰራል» የሚል ካላገኛችሁ ለበረራ ሌላ ፈልጉ። አንዳንዴ ርካሹና ቀላሉ ወንበር ለአውሮፕላን ከውዱ ይሻላል።

ቡስተር፣ ማለትም ልጁን ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው መከዳ፣ በዚሁ ምክንያት ለመነሳትና ለማረፍ አይፈቀድም። የሚሠራው ከትከሻ ቀበቶ ጋር ነውና። ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ ለመድረሻችሁ መያዝ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ስፋት። የኢኮኖሚ ክፍል ወንበር በእጅ መደገፊያዎቹ መካከል ብዙውን ጊዜ ከ43 እስከ 46 ሴንቲሜትር ነው። የአቪዬሽን አስተዳደሩ ምክር የልጁ ወንበር ከ40 ሴንቲሜትር፣ ማለትም ከ16 ኢንች ባይሰፋ ነው። ሜትር አምጡና ለኩ። የስኒ ማስቀመጫ ያለው ከሆነና የሚነቀል ከሆነ ንቀሉት።

ካር ሲት መሸከም ለከበደው ሌላ መንገድም አለ። ኬርስ የሚባል፣ ከጨርቅ ቀበቶ ብቻ የተሠራ ማሰሪያ ነው። የአውሮፕላኑን ወንበር መደገፊያ ዙሪያ ይታሰርና ለልጁ የትከሻ ቀበቶ ይፈጥርለታል። ክብደቱ ከ10 እስከ 20 ኪሎ፣ ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ለሆነ ልጅ ነው። ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለመኪና በፍጹም አይሆንም። ስትደርሱ ታክሲ ውስጥ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የት ነው የምንቀመጠው? መስኮት ዳር። የልጁ ወንበር ሌላ ሰው ወደ መተላለፊያው እንዳይወጣ መከልከል የለበትም። ሰፊ አውሮፕላን ከሆነ የመካከለኛው ረድፍ መሃል ወንበርም ይሆናል። የአደጋ ጊዜ መውጫ ረድፍ ላይ አይቻልም፤ ብዙ አየር መንገዶች ከሱ ፊትና ኋላ ያሉትንም ረድፎች ይከለክላሉ። በውድ ክፍል የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይጨምርላችሁ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያ አንዳንዱ ወንበር ሰያፍ የተተከለ ነው፤ አንዳንዱ ቀበቶ ውስጡ ኤርባግ አለው። በእነዚህ ላይ ካር ሲት ማሰር ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ከፍሎ ወደ ኋላ መመለስ ያናድዳል።

አሁን እንሰረው። ለዚህ ነው ይህን የአውሮፕላን ወንበር ተሸክመን ያመጣነው። ጠጋ በሉ፣ ከኋላ ያላችሁም ኑ።

የእጅ መደገፊያውን መጀመሪያ ወደ ላይ አንሱት። ቦታ ታገኛላችሁ። ልጁ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የሚቀመጥ ከሆነ ቀበቶው በወንበሩ ጀርባ በኩል ባለው ቀዳዳ ያልፋል። ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ በእግሩ በኩል ባለው ያልፋል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ይምታታሉ። አምራቹ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ቀለም ምልክት ያደርግባቸዋል። ከመሳባችሁ በፊት ግን ቁም! ዘለበቱን እዩት። የሚከፈተው ክዳን ጣት ወደሚያስገባ አቅጣጫ መዞር አለበት። ወደ ፕላስቲኩ ዞሮ ከጠበቀ ስትወርዱ አይከፈትም። ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ጽዳት ሠራተኞች ገብተው፣ እናንተ አሁንም እዚያው ከዘለበት ጋር ትታገላላችሁ።

አሁን ጉልበታችሁን ወይም ክንዳችሁን ወንበሩ ውስጥ አስገብታችሁ ወደ ታች ተጫኑት። እየተጫናችሁ የቀበቶውን ጫፍ ሳቡ። ጠበቅ አድርጋችሁ! እንዲህ። ከዚያ ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዛችሁ ወዘወዙት። ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ካልተንቀሳቀሰ ታስሯል። ከላይ መደገፊያውን ይዛችሁ ብትወዘውዙት ሁልጊዜም ይንቀሳቀሳል፤ ያ አያስደንግጣችሁ። ዘለበቱ በትክክል ቀዳዳው አፍ ላይ አርፎ አልጠብቅ ካለ፣ አስተናጋጇን የቀበቶ ማስረዘሚያ ጠይቁ። የዘለበቱን ቦታ ስለሚቀይረው ችግሩ ይፈታል።

ከዚያ ልጁ። ወፍራም ጃኬት አውልቁለት። የትከሻው ማሰሪያ ፊቱ ወደ ኋላ ለሆነ ልጅ ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ፣ ፊቱ ወደ ፊት ለሆነ ደግሞ እኩል ወይም ከፍ ብሎ ይወጣል። ማሰሪያውን ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ጨርቁ በጣታችሁ መካከል ከተጨበጠ ገና ላላ ነው፤ ሳቡት። ይሄ እንግዲህ ከመኪናው ምንም ልዩነት የለውም።

ፊቱን ወደ ኋላ ያደረገ ወንበር አንድ ጣጣ አለው። ከፊታችሁ ያለው መንገደኛ መደገፊያውን ማስተኛት አይችልም። ክፉ ዓይን ሊያሳያችሁ ይችላል። ገና ሲቀመጥ ሰላም በሉትና ንገሩት። «ወንድሜ፣ የልጄ ወንበር ስላለ መደገፊያው ወደ ኋላ አይሄድልህም፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ማለት በቂ ነው። አብዛኛው ሰው ቀድሞ ከተነገረው ይረዳል። አስተናጋጆቹም ባዶ ቦታ ካለ ያዛውሩታል። ፊቱን ወደ ፊት ያደረገ ልጅ ደግሞ እግሩ በትክክል የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ ይደርሳል። ጫማውን ማውለቅ ትንሽ ይረዳል። ትንሽ ብቻ።

የማይጠበቅ ጥቅም ደግሞ አለ። ልጁ ያንን ወንበር ያውቀዋል። መኪና ውስጥ ተኝቶበታል። ሽታው የሱ ነው። አውሮፕላን ውስጥም ሲታሰርበት ብዙ ልጆች ቶሎ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ጭን ላይ ያለ ልጅ ግን የእናቱ ቦርሳ፣ መነጽር፣ የጎረቤቱ ብርጭቆ፣ ሁሉም በእጁ ርቀት ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮው እንዳይታመም የምትሰጡትን ጡጦም ወንበሩ ላይ እያለ መጥባት ይችላል። እናት ስታጠባ ግን ከወንበሩ ታወጣዋለች፤ እሱን የቀበቶው መብራት በጠፋበት ሰዓት አድርጉት።

ገንዘቡ ስለሌላቸው ሰዎች ተናግሬ ነበር። እነሱን አልረሳኋቸውም። ለመሳፈር ስትመዘገቡ «ከጎኔ ባዶ ወንበር ይኖራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ አየር መንገዶች ቦታ ካለ ትኬት ያልተገዛለትን ልጅ በራሱ ካር ሲት ባዶው ወንበር ላይ እንድታስሩት ይፈቅዳሉ። ብዙ ሰው የማይበርበትን ሰዓትና ቀን ከመረጣችሁ ዕድላችሁ ይሰፋል። ካልተገኘ ካር ሲቱን በሩ ላይ አስረክባችሁ ትገባላችሁ።

ጭን ላይ የግድ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር በጣም አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የራሳችሁን ቀበቶ እናንተንም ልጁንም አብሮ እንዲይዝ አድርጋችሁ አትሰሩት። አውሮፕላኑ ድንገት ሲቆም የእናንተ ክብደት በሙሉ ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። መጀመሪያ የራሳችሁን ቀበቶ ወገባችሁ ላይ አስሩ፣ ልጁ ከቀበቶው ውጪ ይሁን። በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች አስተናጋጇ ከእናንተ ቀበቶ ጋር የሚገጠም ትንሽ የሕፃን ቀበቶ ትሰጣችኋለች። በአሜሪካ ግን ይሄው ቀበቶ ለመነሳትና ለማረፍ ክልክል ነው። ለምን መሰላችሁ? ልጁ እንዳይወረወር ያደርጋል፤ ነገር ግን አዋቂው ወደ ፊት ሲታጠፍ ልጁ መሃል ላይ ይጨፈለቃል። ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ለአየር መናወጥ ይረዳል፣ ለከባድ ግጭት ግን አይበጅም ብላችሁ ብትይዙት ከእውነቱ አትርቁም። ደረት ላይ የሚታሰረው የጨርቅ ማዘያም በብዙ ቦታ ለመነሳትና ለማረፍ አይፈቀድም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሕፃን አልጋ ደግሞ ለመተኛት ብቻ ነው፤ የቀበቶው መብራት ሲበራ ልጁ ይወጣል። አዎ፣ ገና እንቅልፍ እንደወሰደውም ቢሆን።

አሁን ወደ ታክሲው። ለእኔ ካር ሲት ይዞ ለመጓዝ ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው፣ አውሮፕላኑ እንኳ ሁለተኛ ነው። የጉዟችሁ አደገኛው ክፍል ሰማይ ላይ አይደለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ምታርፉበት ቤት ያለው መንገድ ነው። ሌሊት ደርሳችሁ፣ ደክሟችሁ፣ የማታውቁት መኪና ውስጥ፣ ልጁ እንደገና ጭን ላይ! ከመኪና አከራዮች ካር ሲት መከራየት ይቻላል። ግን ያ ወንበር በፊት ግጭት ደርሶበት እንደሆነ፣ የአገልግሎት ዘመኑ አልፎ እንደሆነ፣ ክፍሎቹ ተሟልተው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? የራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ለልጁ ወንበር ባትገዙም ካር ሲቱን ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ አየር መንገዶች ያለ ክፍያ ይቀበሉታል። ከሻንጣ ጋር ቼክ-ኢን ላይ ከማስረከብ ይልቅ ግን መሳፈሪያው በር ድረስ ወስዳችሁ እዚያ ብታስረክቡት ይሻላል። የሚወረወርበት ጊዜ ያንሳል። ወፍራም ሽፋን አልብሱት። ስትረከቡት ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ማሰሪያው ተቆርጦ እንደሆነ፣ ዘለበቱ «ቀጭ» ብሎ የሚዘጋ መሆኑን እዩ። ጉዳት ካያችሁ ከማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ። ቤት ከሄዳችሁ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ጥያቄ ልውሰድ።

«ልጄ በጉዞው መሃል 2 ዓመት ይሞላዋል። ምን ይደረጋል?»

ሲሄድ ጭን ላይ ሄዶ ሲመለስ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። አየር መንገዶች የሚያዩት በእያንዳንዱ በረራ ቀን ያለውን ዕድሜ ነው። ትኬቱን ስትቆርጪ የልደት ቀኑን በትክክል አስገቢ፤ አንዳንዱ አየር መንገድ ለደርሶ መልሱ በሙሉ ወንበር እንድትገዢ ሊጠይቅ ስለሚችል ቀድመሽ ደውዪ።

«ሁለት መንታ ልጆች አሉን፣ ሁለቱንም ጭን ላይ ይዘን አንድ ረድፍ ላይ መቀመጥ እንችላለን?»

ብዙ ጊዜ አይቻልም። በእያንዳንዱ ረድፍ ጎን ካሉት ወንበሮች በላይ ያለው ትርፍ የኦክስጅን ጭንብል ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ሁለት የጭን ሕፃን አንድ ላይ ከሆኑ አንዱ ይጎድልበታል። ስለዚህ አንዳችሁ ከመተላለፊያው ወዲያ ማዶ ትሆናላችሁ። ለአንዱ ልጅ እንኳ ወንበር ብትገዙ አራታችሁም ልትቀራረቡ ትችላላችሁ።

«አስተናጋጇ ‹ይሄ ወንበር አይፈቀድም› ብትለኝስ?»

ለልጁ ትኬት ገዝተህ፣ ወንበሩ የተፈቀደበት ጽሑፍ ካለውና ከቦታው ልክ ከሆነ፣ በአሜሪካ አየር መንገዶች ላይ ሊከለክሉህ አይችሉም። የተሻለ ቦታ ላይ እንድትቀመጥ ግን ሊያዛውሩህ ይችላሉ። በሌላው ዓለም የየአየር መንገዱ ደንብ ይለያያል። ሦስት ነገር ያዝ፦ የጽሑፉን ፎቶ፣ የመመሪያ መጽሐፉን፣ ከአየር መንገዱ የተላከልህን የፈቃድ ኢሜይል። በስልክ ብቻ «ይቻላል» ከተባልክ የነገረህ ሰው በሩ ላይ አይኖርም። አትቆጣ፣ በትሕትና አሳያት። እሷም ልጅህ እንዲታሰር ነው የምትፈልገው።

ጊዜያችን አልቋል መሰለኝ። ይህ የአውሮፕላን ወንበር ግን እስከ ምሳ ሰዓት እዚሁ ነው። ካር ሲታችሁን ከመኪና አምጡና ራሳችሁ እሰሩት፣ ራሳችሁ ፍቱት። ዘለበቱ አልከፈት ካለ እዚሁ ተናደዱበት፤ እዚህ ከኋላችሁ ቆሞ «እለፉን» የሚል ሰው የለም።